የማዘያዋ ዋስ

ፀደንያ አካለ ወልድ ስትቆጣ አትጮህም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተማረቻቸው ልጆች ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ ድምፅዋ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚመጣው እየከፋ ይሄዳል። በ2005 ክረምት ዝቅ ያለው ድምፅዋ ደግሞ እስከ ተከታዩ ፋሲካ ድረስ ቀና አላለም። የተቆጣችው በአክስቷ ልጅ በእንዳላማው ነበር፤ የጠቡ ምክንያት አንዲት የሕፃን ማዘያ ናት። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል። «በማዘያ ዘመድ ይጣላል እንዴ?» ይላል። የሚስቅ ይሳቅ፤ ሲጨርስ ግን ቁጭ ብሎ ይስማ።

እንዳላማው የሚኖረው ጀርመን አገር ነው። ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያወጣል ያወርዳል፤ ከሥራ ሲመለስ ድረ ገጽ ይሠራል። ድረ ገጽ ሲባል ዜናና ስፖርት የሚወጣበት ዓይነት አይደለም። አንድ ዕቃ ብቻ ይመርጥና በዚያች ዕቃ ስም አንዲት ትንሽ ገጽ ያቆማል። አንድ ጊዜ ስለ ጭማቂ መጭመቂያ፣ አንድ ጊዜ ስለ ትራስ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ ውሻ አንገት ማሰሪያ ሠርቶ ነበር። ጽሑፉን ከዚህም ከዚያም እየገለበጠ ስለሚለጥፈው ገጾቹ ሁሉ ሳይታዩ ሞቱ። ያን ጊዜ ነው እንግሊዝኛ የምታስተምር የአጎት ልጅ ደብረ ማርቆስ እንዳለችው ትዝ ያለው። ሰው ሲቸግረው ዘመዱን ለማስታወስ ማን ብሎት።

«ሰው የዕቃዋን ስም ጉግል ላይ ይጽፍና ‹ትሆናለች ወይስ አትሆንም?› ብሎ ይጠይቃል» አላት በስልክ። «የኛ ገጽ ይመጣለታል። ያነባል፣ ሊንኩን ይነካል፣ ወደ ትልቁ የኢንተርኔት መደብር ይሄዳል። ከገዛ ለኛ ኮሚሽን አለን። ዕቃውን አንይዝ፣ አንጭን፣ አናወርድ።»

«ድለላ ነው በለኛ።»

«ድለላ አይደለም፣ ማርኬቲንግ ነው።»

«እሺ፣ እደልላለሁ» አለችው።

ለምን እሺ አለች የሚል ካለ፣ የመምህር ደመወዝን ነገር መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ደግሞም መጻፍ ትወድ ነበር። ጀርመኖቹም አሜሪካኖቹም ልጅ ማዘል እንዳማራቸው፣ አንዲት በጨርቅና በፕላስቲክ የተሠራች ማዘያ ገበያውን እንደያዘች ሲነግራት ከልቧ ሳቀች። እርሷ ያደገችው በአንቀልባ ታዝላ ነው፤ እናቷም፣ የእናቷ እናትም እንዲሁ። «ስለ ማዘልማ እኔ ልንገራቸው» አለች።

ነገር ግን ፀደንያ የአካለ ወልድ ልጅ ናት፤ ችግሩ የተጀመረው ከዚህ ላይ ነው።

አካለ ወልድ ነፍሳቸውን ይማረውና በይጁቤ የበሬ ገበያ የታወቁ ዋስ ነበሩ። ያገሩ ሥርዓት እንዲህ ነው፦ ሻጭ በሬውን ይዞ ሲቀርብ ገዢው የሻጩን አፍ አያምንም፤ ዋስ ጥራ ይለዋል። ዋሱ መጥቶ የበሬውን ጥርስ ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ ኮቴውን ያነሣል። ከዚያ በፊት ለፊት የበሬውን ነውር ይናገራል፤ ይዋጋል፣ በስተግራ አይጠመድም፣ ከቀትር በኋላ ይተኛል፣ ያለውን ሁሉ። በመጨረሻም ስሙን፣ ያባቱን ስም፣ ያገሩን ስም ጠርቶ «ዋስ ነኝ» ይላል። በሬው የተሰረቀ ቢሆን ወይም ያልተነገረ ነውር ቢወጣበት ገዢው የሚሄደው ሻጩ ቤት አይደለም፤ የሚያንኳኳው የዋሱን በር ነው። ዋሱ ሐሳቡን ቢቀይር እንኳ ቤቱ ተቀምጦ ተውኩት ማለት አይችልም፤ በዚያው ገበያ፣ ዋስ በሆነበት ቦታ ቆሞ «ወርጃለሁ» ማለት አለበት።

ፀደንያ ሌላ ዓይነት አሻሻጥ አታውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ያለችው «ዕቃውን ላክልኝ» ነው።

«ምን ያደርግልሻል? ሥዕሉ አለ፣ ሌሎች የጻፉት አለ፤ ከዚያ ማውጣት ነው።»

«ያላየሁትን በሬ አልዋስም።»

እንዳላማው እየተነጫነጨ በሚመጣ ሰው እጅ አንዲት ማዘያ ላከላት። ፀደንያ የጎረቤት ልጅ አዘለችባት፤ ገበያ ሄደችባት፣ ዳገት ወጣችባት። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ለመነሣት ሞከረች። ከዚያ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ኢንተርኔት ቤት ገብታ፣ ኮኔክሽኑ ሲመጣ እየጻፈች ሲጠፋ እየጠበቀች ገጹን ሠራችው። የመጀመሪያው መስመር ስለ ነውሯ ነበር። አጭር ለሆነች ሴት አትመችም አለች። ፀሐይ ላይ ጀርባ ታቃጥላለች፣ ዋጋዋ ከሚገባት በላይ ነው አለች። መልካም መልካሙን ከዚያ በኋላ አስከተለች፤ ከመልካሙም መካከል «ወገብ ላይ ቀጭ ብሎ የሚገጥመው የፕላስቲክ ቁልፍ ጠንካራ ነው» የሚል አለበት። ከገጹ ግርጌ ደግሞ «ይህን የጻፍኩት እኔ ፀደንያ አካለ ወልድ ነኝ፤ ደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም፣ ኢትዮጵያ» ብላ የስልክ ቁጥሯን አስቀመጠች።

እንዳላማው ይህን ሲያይ ራሱን ያዘ። እርሱ ያሰበው «ጄሲካ፣ የሁለት ልጆች እናት» የምትባል፣ ከኢንተርኔት የተለቀመች ፀጉረ ወርቃማ ሴት ነበረች። «በዓለም ላይ ነውር አስቀድሞ የሚሸጥ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ስልክሽንስ ማን ጠየቀሽ?» አላት። ግን ሌላ የሚጽፍለት ስላልነበረው ዝም አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ በደስታ ዝም አለ፤ ገጹ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ወጣ። በየአገሩ ያሉ እናቶች ውሸት ሰልችቷቸው ኖሮ፣ ስሟን ጠርታ ነውሩን የምትናገረውን ይህችን ሴት አመኗት። አንዳንዶቹ ይደውሉላት ነበር። ፀደንያ ክፍል ውስጥ ሆና ስልኳ ሲጮህ ወጣ ብላ፣ ለአንዲት የካናዳ ሴት ሕፃኑ አንገቱን ሳይችል እንዳታዝለው ትነግራታለች። ርእሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ ገሠጿት።

ኮሚሽኑ በእንዳላማው ካርድ ይገባል፤ ገጹም የተመዘገበው በእርሱ ስም ነው። በኛ አገር ባንክ ያንን የሚቀበል ካርድ አልነበረማ። በየወሩ ከሚገባው ቆንጥሮ ይልክላታል። ስንት እንደሚገባ ጠይቃው አታውቅም፤ ላም አለኝ በሰማይ እያለች ትስቅ ነበር።

ሳቁ ያበቃው ሐምሌ ላይ ነው። ካሮል የምትባል ሴት ደወለች። ፀደንያ እንደ ልማዷ ሰላምታ ልትሰጥ ስትጀምር ሴትዮዋ አቋረጠቻት። ማዘያዋን ከገዛች ዓመት አልሞላትም። ደረጃ ስትወርድ የወገቡ ቁልፍ በራሱ ተከፈተ፤ ልጇ ተንሸራታ ወደቀች፣ ክንዷ ተሰበረ። «ጠንካራ ነው ብለሽኛል» አለቻት። «አንቺ ነሽ ያልሽኝ።»

ፀደንያ የተማረችው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋባት። ይቅርታ የምትለውን ቃል ደጋገመችው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም የክረምት ትምህርት በምትሰጥበት ክፍል ደጃፍ ቆማ ቀረች።

ቤቷ ስትደርስ የራሷን ማዘያ አወጣች። ጎረቤት ሁሉ ስለሚዋሳት ደጋግማ የታጠበች ናት። የዓመት ልጅ የሚያህል ገብስ በከረጢት ሞልታ አዘለችና ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ከመናኸሪያው ወደ አደባባዩ ቁልቁል መሄድ ጀመረች። ቶሎ ቶሎ ተራመደች፤ ዝቅ ብላ ተነሣች፤ ደረጃ ወጥታ ወረደች። ሰው «መምህርት ምን ነካት?» እያለ ያያታል። የባንኩ ደረጃ ላይ ስትደርስ ወገቧ ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ገብሱ ከጀርባዋ ተንሸራቶ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። የጫማ ጠራጊዎቹ ሳቅ ለጉድ ነበር፤ አንዲት ሴትዮ «ወይኔ እህሉን!» ብላ ልትለቅምላት ጎንበስ አለች። ፀደንያ ግን የምታየው እህሉን አልነበረም። ቁልፉን እጇ ላይ አገላበጠችው። የውስጡ ጥርስ በመታጠብ ብዛት ተበልቶ ልሙጥ ሆኗል። ሲገዛ ጠንካራ ነው፤ ሲከርም ይከዳል። ይህ ደግሞ ከነውር ሁሉ የከፋው ነው፤ ካመኑት በኋላ ነዋ የሚከዳው።

በዚያው እግሯ ኢንተርኔት ቤት ገባች። ከገጹ አናት ላይ በትልቁ ጻፈችው። ቁልፉ እየቆየ እንደሚከፈት፣ አንዲት ሕፃን በዚሁ ወድቃ ክንዷ እንደተሰበረ፣ የካናዳም ይሁን የእንግሊዝ እናት የገዛችውን አውጥታ እንድትፈትሽ፣ ያልገዛች እንዳትገዛ። በመጨረሻም «ዋስ ነበርኩ፤ ወርጃለሁ» አለች። ይህን አረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ብዙ ተቸግራለች።

በማግሥቱ ጽሑፉ የለም። አልቀመጥ ብሎኝ ይሆናል ብላ እንደገና ልትጽፍ ስትሞክር የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል። ደወለች።

«እብድ ሆነሻል?» አለ እንዳላማው ገና ስልኩን ሲያነሣ። «ስንት ዓመት ለፍቼ አንድ ገጽ ቢወጣልኝ በአንድ ሌሊት ልታፈርሽው? አንዲት ሴት ልጇን ጥላ በማዘያ ብታላክክ አንቺን ምን አገባሽ?»

«ራሴ ሞክሬዋለሁ። ተከፍቷል።»

«ኩባንያው አለ፣ መደብሩ አለ። እነርሱ ዝም ካሉ አንቺ ማን ነሽ?»

«እኔማ ዋሷ ነኝ። በሬ የሸጡ ዝም ቢሉ ዋሱ ዝም ይላል?»

«ይሄ ይጁቤ አይደለም!»

«እሺ» አለች፤ ድምፅዋ ሊሰማ እስከማይችል ዝቅ ብሎ ነበር። «ስሜን አውርደው። ስሜን ብቻ አውርድና የፈለግኸውን ሽጥ።»

እንዳላማው ይህን ጊዜ እውነቱን ተናገረ፤ ከተናገራቸው ሁሉ እውነት የሆነው ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። «ሰው የሚገዛው በስምሽ ነው» አላት።

ስሟን አላወረደም። ያወረደው ስልክ ቁጥሯን ነው። ከዚያን ቀን ወዲያ የሚደውል እናት ጠፋ። ገጹ ላይ ግን ፀደንያ አካለ ወልድ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም፣ እንደ ዱሮዋ ቆማ «ቁልፉ ጠንካራ ነው» ትላለች። ያስቆጣል? ያስቆጣል እንጂ! ሰው አፉ ተይዞ ምላሱ ለብቻዋ ስትናገር መስማት ምን ይመስላል? ፀደንያ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ከረመች። ለመደብሩ ጻፈች፤ መልእክትዎ ደርሶናል የሚል ሰው ያልጻፈው መልስ መጣላት። በነፃ የሚሠራ ገጽ አቆመችና ማስጠንቀቂያዋን ለጠፈችበት፤ ግን የራሷ የድሮ ገጽ በላይዋ ተቀምጦ ቀበራት። ጥሩ አድርጋ ስለሠራችው ነዋ። ተማሪዎቿን ያለ ጥፋታቸው መቆጣት ጀመረች፤ ያንንም እያወቀች መተው አልቻለችም። እንዳላማው የላከላትን ብር ሳትነካው መለሰችው።

በተከታዩ ዓመት እንዳላማው ከሚስቱ ከመሲና ከተወለደች ሰባት ወር ከሆናት ልጁ ጋር ፋሲካን ሊውል መጣ። ፀደንያ ከቤቷ አልወጣችም። እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ነገሩን ሰምተው ኖሮ በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ሽማግሌ ላኩባት። ከሽማግሌዎቹ ፊት የነበሩት የንስሐ አባታቸው መምህር ወልደ ሩፋኤል ናቸው፤ ዲማ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ለእንቢታ የማይመቹ ሰው። ፀደንያ እርሳቸውን እንቢ ማለት አልቻለችም። ነጠላዋን ለበሰች፤ ማዘያዋንም በከረጢት ያዘች።

አክስቷ ቤት ዶሮውም ጠላውም ቀርቧል። እንዳላማው በአዲስ ኮት ተቀምጧል፤ መሲ ሕፃኗን በረጅም ጨርቅ ደረቷ ላይ ጠምጥማ ይዛታለች። የጨርቁ ጫፍ የሚታሰረው በሁለት የብረት ቀለበት ነው፤ የፕላስቲክ ቁልፍ የለውም። ፀደንያ ስትገባ ያየችው ይህንን ነው። ሰላምታ አልሰጠችም ማለት ይቻላል።

«ልጄ» አሉ መምህር ወልደ ሩፋኤል፣ «ጌታ ከሞት በተነሣበት ሰሞን ቂም አይያዝም። ይህ ልጅ ሥጋሽ ነው። ስለ ኢንተርኔት የሚሉትን ነገር እኔ አላውቀውም፤ ስለ ንግድ ተጣሉ ነው የሚሉኝ። እርሱ በድሎሽ እንደሆነ ይካሥሻል፤ አንቺም ስለ ክርስቶስ ብለሽ ተይለት።»

እንዳላማው አቀርቅሮ «እኔ ዝግጁ ነኝ አባ። የምትጠይቀውን እከፍላለሁ» አለ።

«የምጠይቀው አንድ ነገር ነው» አለች ፀደንያ። ማዘያዋን ከከረጢቱ አውጥታ ከፊቱ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻት። «ልጅህን እዘልባት።»

«ምን?»

«ልጅህን እዘልና እስከ በር ደርሰህ ተመለስ። ያን ጊዜ ይቅር ብዬሃለሁ፤ አባ ይመስክሩ።»

«ተኝታለች እኮ» አለ እንዳላማው።

ልጅቷ ዓይኗን ፍጥጥ አድርጋ የሰዉን ፊት ታያለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል መጣባቸው።

«የተቀመጠ ዕቃ ነው፣ አቧራ ይኖረዋል» አለ ደግሞ።

«እዘላት እንጂ ልጄ» አሉ መምህር ወልደ ሩፋኤል፣ ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ መስሏቸው ደስ ብሏቸው። «እስከ በር ምን አላት?»

እንዳላማው እጁን ወደ ማዘያዋ አልሰደደም። ኮቱን አስተካከለ፤ ወደ እናቱ አየ። መሲ ባሏን ስታየው ቆየችና የልጇን ጀርባ ደገፍ አደረገች። መሲ የማንም ጠላት አልነበረችም፤ ስለ ጠቡም የተነገራት ነገር ያለ አይመስልም።

«ይቺ ያቺ ማዘያ ናት?» አለች። «ገጽህ ላይ ያለችው? እኔ እኮ እርጉዝ ሳለሁ እንግዛት ብዬህ ነበር። ‹ለኛ አትሆንም› ነው ያልከኝ።»

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ፀደንያ ያንን ሁሉ ወር ንዴቷ ከዚህ በላይ የሚሄድበት ቦታ ያለ አይመስላትም ነበር፤ አለው ለካ። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። አያውቅም፣ ገብሱን አላየም፣ ካሮልን አልሰማም እያለች በልቧ ያስቀረችለት ትንሽ ነገር ነበረች። እርሷም አለቀች።

«እኔ ማስጠንቀቂያውን ጽፌ አንተ ከፋቅኸው ወዲህ ስንት ተሸጠ?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ።»

«ታውቃለህ። መደብሩ የተሸጠውን እየቆጠረ ይነግርሃል። ስልክህ ላይ አለ።»

«ፀደንያ፣ በናትሽ…»

«ተጠይቀሃል፣ አምጣው» አሉ እናቱ። እስካሁን ያልተናገሩ ሰው ናቸው።

እንዳላማው ስልኩን አውጥቶ ነካካ። ብዙ ጊዜ የከፈተው ገጽ መሆኑ ከጣቱ ያስታውቃል። ቁጥሩን ሲያገኘው አንገቱን ደፋ፤ በሹክሹክታ ነው የተናገረው። «ሦስት መቶ አሥራ ስምንት።»

መምህር ወልደ ሩፋኤል ጆሯቸው ይከብዳል። ወደ እርሱ ዘንበል አሉ።

«ስንት ልጅ ነው ያልከው?»

«ልጅ አይደለም አባ፤ ዕቃ ነው። የተሸጠ ዕቃ።»

«ገባኝ» አሉ ሽማግሌው። መስቀላቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ወደ ደረታቸው መለሱት። «ስንት ልጅ?»

ዶሮው ቀዝቅዟል፤ እርቁን ያነሣ ሰው የለም። ፀደንያ ከነጠላዋ ውስጥ እጇን አውጥታ ዘረጋች።

«ስልኩን አምጣ» አለችው። «ወርጃለሁ የምለው እዚያው ገጹ ላይ ነው።»